የዶርም ኢንተርኔቴ በቅጂ መብት ማስጠንቀቂያ ተቋረጠ፤ እባካችሁ በፍጥነት ምከሩኝ

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ዛሬ ጠዋት ላፕቶፔን ስከፍት የትኛውንም ድረ ገጽ ብሞክር የሚመጣው አንድ ቀይ ገጽ ብቻ ሆነ፤ የኔትወርክ አገልግሎቴ መታገዱንና ኢሜይሌን እንድመለከት ይናገራል። ኢሜይሉን በስልኬ ሳነበው፣ አንድ የፊልም ኩባንያ በላከው አቤቱታ ላይ የፊልሙ ርዕስ፣ የአይፒ አድራሻው (ላፕቶፔ በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር)፣ ፊልሙን ያወረድኩበት የፋይል መለዋወጫ ቶረንት የታየበት ሰዓትና ደቂቃ ሳይቀር ተጽፏል። ፊልሙን ያወረድኩት ለራሴ ነው፤ ለማንም አልሸጥኩም፣ ለማንም አልሰጠሁም። የሴሚስተሩን የመጨረሻ ጽሑፍ እስከ ዛሬ እኩለ ሌሊት ማስገባት አለብኝ። ሊከሱኝ ነው? ቪዛዬስ?

የአዋሳ ልጅ፦
እህቴ፣ ያለሽው የት አገር ነው? ጀርመን ከሆነ ገንዘብ የሚጠይቅ የጠበቃ ደብዳቤ ሊከተል ስለሚችል ምክሩ ይለያል። ለጽሑፍሽ ግን የስልክሽን ሆትስፖት ተጠቀሚ።

ጠያቂ፦
አሜሪካ ነኝ፤ የተማሪ ቪዛ ነው ያለኝ።

መምህር ነኝ፦
በፍላሽ እየተቀዳ የሚዞር ፊልምና ሙዚቃ እየሰማንና እያየን ስላደግን ነገሩ ቀላል ይመስለናል። በአገራችንም ቢሆን በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ማባዛትንና ማሰራጨትን ይከለክላል። ልጆቻችን ይህን አገር ቤት ሳሉ ቢማሩት ኖሮ ባዕድ አገር ሄደው ባልደነገጡ ነበር።

ኔትወርክ ሠራተኛ፦
«ለማንም አልሰጠሁም» ያልሽው ልክ አይደለም፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ቶረንት ፋይሉን በቁርጥራጭ እየተቀበለ የደረሰውን ቁራጭ ወዲያው ለሌሎች ያከፋፍላል። የኩባንያው ወኪሎችም እንደ ተራ ተጠቃሚ ገብተው የሚያከፋፍለውን አይፒ ይመዘግባሉ፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ በዚያች ደቂቃ አድራሻውን የያዘው በማን የተማሪ መለያ የገባ ላፕቶፕ እንደሆነ ከመዝገቡ ያያል። ፕሮግራሙ ላፕቶፑ ሲከፈት አብሮ የሚነሣ ከሆነ መስመር እንዳገኘ ማከፋፈሉን ይቀጥላል፤ ፕሮግራሙን ዝጊው።

ዳዊት፦
በስልክሽ ሆትስፖት ጽሑፉን ላኪ። ከዚያ በኋላ ቪፒኤን (የአይፒ አድራሻሽን የሚሰውር አገልግሎት) ብትጭኚ አድራሻሽ በቀላሉ አይታይም።

ኔትወርክ ሠራተኛ፦
ሆትስፖቱን ከመክፈቷ በፊት ቶረንቱን ካላጠፋች ማከፋፈሉ በስልክ መስመሯ ይቀጥላል። ቪፒኤን ደግሞ የደረሰውን አቤቱታ አይሰርዝላትም።

ሕግ ተማሪ፦
የደረሰሽ ማስጠንቀቂያ እንጂ ክስ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው የቅጂ መብት ሕግ መሠረት ባለመብቶች አቤቱታቸውን ለኢንተርኔት አቅራቢው ይልካሉ፤ እ.ኤ.አ. የ2008 የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ሕገወጥ የፋይል ልውውጥን የሚከላከሉበት ዕቅድ እንዲኖራቸው ያስገድዳል። ቢሆንም አትናቂው፤ ፍርድ ቤት ለአንድ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር፣ ሆን ተብሎ ከተፈጸመ ደግሞ እስከ 150,000 ዶላር ካሳ ሊወስን ይችላል። ጆኤል ቴነንባም የተባለው ተማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 በ30 ዘፈኖች 675,000 ዶላር ተፈርዶበታል። ስለዚህ ማከፋፈሉን አቁሚ፣ ኢሜይሉን አስቀምጪ፣ ዩኒቨርሲቲው የጠየቀሽን በእውነት መልሺ። በኢሜይሉ ውስጥ የክፍያ ማስፈንጠሪያ ካለ ዩኒቨርሲቲሽ ካለው የተማሪዎች የሕግ ምክር ቢሮ ሳትጠይቂ አትንኪው። ማስጠንቀቂያው በራሱ የፍርድ ቤት ውሳኔ አይደለም፤ ለቪዛሽ የሚያሰጋው ጥፋቱ ተደጋግሞ ከትምህርት ብትታገጂ ነውና የውጭ ተማሪዎችን ቢሮም አነጋግሪ።

የአዋሳ ልጅ፦
እህቴ፣ ጽሑፉ ገባልሽ?

አዲስ አባል፦
ትናንት ለእኔም ያው ቀይ ገጽ መጥቶብኛል። ቅጽ አስሞልተውሽ ከሆነ ኢንተርኔቱን በስንት ቀን እንደከፈቱልሽ እባክሽ ጻፊልኝ።