ለፋሲካ የሚወጡ አዳዲስ አልበሞችን ሐዋሳ ላይ በሲዲ ማግኘት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ለፋሲካ የሚወጡትን አልበሞች ከነሽፋናቸው በኦሪጅናል ሲዲ መግዛት እፈልጋለሁ፤ ሆኖም ፒያሳ አካባቢ የጠየቅኋቸው ሁለት ሙዚቃ ቤቶች በፍላሽ ከመጫን በስተቀር ሲዲ ማምጣት እንደተዉ ነገሩኝ። የት ልሞክር?

መልስ፦ በሁዳዴ አዲስ አልበም እምብዛም ስለማይወጣ ነጋዴዎቹ የሚያስመጡት በበዓሉ ዋዜማ ነው፤ ስለዚህ ቀብድ ከፍለው አስቀድመው ቢያዙ ይሻላል። እኔ ዓምና እንዲሁ አድርጌ የግጥምና የዜማ ደራሲዎቹ ስም የታተመበትን ወረቀት ሳይቀር አግኝቻለሁ። በፍላሽ የሚያስጭን ሰው ግን ሙዚቃውን ማን እንዳቀናበረው እንኳ ሳያውቅ ይቀራል፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ሌላ መልስ፦ የሸክላ ማጫወቻ ካለዎት፣ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የመሠረተው አምሃ ሪከርድስ ያሳተማቸው ሥራዎች በውጭ አገር እንደገና ታትመዋልና እነርሱንም ይጠይቁ።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ፤ ነገ ቀብዱን ይዤ እሄዳለሁ።