ሌንስ አድርጋ አድራ ዓይኗ ደም መሰለ፤ ምን ላድርግ?

ሚሚ (ጠያቂ)፦ ሰላም ቤተሰብ። ታናሽ እህቴ እሁድ ሚዜ ነበረች። ለፎቶ ብላ ከኮስሞቲክስ ሱቅ የተገዛ ባለ ቀለም ኮንታክት ሌንስ አደረገች። ሌሊት ደክሟት ስትገባ ሳታወልቀው ተኛች። ዛሬ ማክሰኞ ግራ ዓይኗ ደም መስሏል፣ ያማታል፣ እንባው አያቆምም። መጋረጃ ስከፍት ፊቷን ትሸፍናለች። ቤት ውስጥ ከልጄ የተረፈ የዓይን ጠብታ አለ፤ ላድርግላት? ወይስ ብንጠብቅ ይለቃታል?

ቤቲ፦ አይዞሽ ሚሚዬ፣ ብዙ አታካብጂው። እኔ በቀዘቀዘ ሻይ አጥቤው ለቆኛል።

ዳጊ (ኦፕቶሜትሪስት፣ ማለትም የዓይን ምርመራ ባለሙያ ነኝ)፦ ቤቲዬ፣ ሻዩን ጠጪው እንጂ ዓይን ውስጥ አይገባም። ሚሚ፣ መቅላት ብቻ ቢሆን ባልተጨነቅኩ። ሕመምና ብርሃን መጥላት ሲጨመርበት ግን ዛሬውኑ የዓይን ሐኪም ጋ ነው። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለው።

ለምን መሰለሽ፣ ኮርኒያ የሚባለው ጥርት ያለው የፊት ሽፋን የደም ሥር የለውም። ኦክስጅን በዋናነት የሚያገኘው ከአየር ነው። ስንተኛ ቆቡ ስለሚዘጋበት የሚደርሰው ወደ ሲሶ ይወርዳል። ሌንስ ሲደረብበት ደግሞ ጭራሽ ይታፈናል፤ ያብጣል፣ ባክቴሪያም መግቢያ ያገኛል። ሱዶሞናስ የምትባለዋ በተለይ ጨካኝ ናት፤ በአንድ ሁለት ቀን ኮርኒያን አቁስላ ጠባሳ ልትተው ትችላለች። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) ሌንስ አድርጎ መተኛት የኢንፌክሽን አደጋን ከ6 እስከ 8 እጥፍ ይጨምራል ይላል።

ሌንሱ ወጥቷል? ጠብታው ላይስ ምን ተጽፏል?

ሚሚ፦ ወጥቷል። ጠዋት በቧንቧ ውሃ እያረጠበች ነው ያወጣችው። ጠብታው ዴክሳሜታዞን ይላል።

ዳጊ፦ እንዳትነኪው! ስቴሮይድ ነው። ቅላቱን ያጠፋና የዳነ ያስመስላል፣ ኢንፌክሽኑ ግን ከሥር ይብሳል። የቧንቧ ውሃውንም ለሐኪሙ ንገሪው። ውሃ ውስጥ አካንታሚባ የምትባል ረቂቅ ነፍሳት ትኖራለች፤ ዓይን ከያዘች ሕክምናዋ ወራት ይፈጃል። ሌንሱንና ማስቀመጫውን አትጣሉ፣ ይዛችሁ ሂዱ፤ ላብራቶሪ ሊፈልገው ይችላል። ዓይኗንም በፋሻ አትሸፍኑት።

ሰሚራ ከዱባይ፦ ዳጊ፣ የእኔ ሌንስ ፓኬቱ ላይ 30 ሌሊት ይቻላል ይላል። ነርስ ነኝ፣ የሌሊት ሺፍት ላይ አንዳንዴ አሸልባለሁ።

ዳጊ፦ አዎ፣ አየር የሚያሳልፉ የሲሊኮን ሃይድሮጄል ሌንሶች አሉ። አደጋው ግን ቀረ ማለት አይደለም። ሐኪምሽ አይቶ ካልፈቀደልሽ አውልቀሽ አሸልቢ። ለሺፍትም መነጽር ያዢ።

ጋሽ ተፈራ፦ ልጆች፣ እነዚህ ባለ ቀለሞቹ ሳይለኩ ከሊፕስቲክ ጎን መሸጣቸው ነው የሚገርመኝ። ለዓይኗ ልክ ይሁን አይሁን ማን አየው?

ሚሚ፦ ደርሰን መጣን። ሐኪሙ ቀለም ነክቶ በሰማያዊ መብራት ሲያየው ኮርኒያው ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚያበራ ቁስል አገኘ። በየሰዓቱ የሚደረግ አንቲባዮቲክ ጠብታ አዘዘ፤ ነገ ተመለሱ ብሎናል። ዳጊ፣ ስትተኛም በየሰዓቱ ልቀስቅሳት? ቀኙንስ ላድርግላት?

ዳጊ፦ በየሰዓቱ ካለ ሌሊቱንም ነው፣ አላርም ሙሉ። ያዘዘው ለግራው ከሆነ ቀኙን አትንኪው።