ለካምፒንግ ተሳቢ የትኛው ባትሪ ይሻላል፤ ሊቲየም ወይስ የአሲድ?

ጠያቂ፦ ዘዴንቨር

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨር አካባቢ ነው። በጥቅምት መጀመሪያ ላይ ተሳቢያችንን ይዘን ግሬት ሳንድ ዱንስ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በሚገኘው የፒንየን ፍላትስ ካምፕ ሦስት ሌሊት ለማደር አስበናል። ካምፑ የኤሌክትሪክ መሰኪያ የለውም፤ ቦታው ወደ 2,500 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ስላለው በዚያ ወቅት ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል።

አሁን ያለን ባትሪ ከተሳቢው ጋር አብሮ የመጣ አንድ ባለ 12 ቮልት የአሲድ ባትሪ ሲሆን፣ የተቀመጠውም ውጭ፣ ከጋዝ ሲሊንደሮቹ ኋላ በፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ነው። ሊነጋ ሲል ይደክምና የማሞቂያው ፋን ይቆማል። በዚህኛው ጉዞ አባቴም አብረውን ይሆናሉ፤ እሳቸው ሲተኙ ትንፋሽ ስለሚቋረጥባቸው ሌሊቱን ሙሉ የሲፓፕ መሣሪያ ይጠቀማሉ። ስለዚህ መብራት በሌሊት መቋረጡን እንደ ቀላል ነገር ልናየው አንችልም። ማቀዝቀዣችን በ12 ቮልት የሚሠራ ባለ ኮምፕሬሰር ነው፤ ጣሪያው ላይ 200 ዋት ሶላር አለን። ሁለት ባለ 6 ቮልት የጎልፍ ጋሪ ባትሪዎች፣ ኤጂኤም (ውሃ የማይጨመርበት፣ የታሸገ የአሲድ ባትሪ) ወይስ ሊቲየም ልግዛ? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ 1፦ ባለሙያው ከአውሮራ

ወንድሜ፣ የባትሪውን ዓይነት ከመምረጥዎ በፊት በቀን ምን ያህል እንደሚጠቀሙ ያስሉ። በሰጡን መረጃ ላይ ተመሥርቼ በግምት ላስላልዎት። የማሞቂያው ፋን 4 አምፒር የሚወስድና በ10 ሰዓት ሌሊት ውስጥ ግማሹን ጊዜ የሚሠራ ከሆነ 20 አምፒር ሰዓት (አምፒሩ በሚሠራበት ሰዓት ሲባዛ) ይፈጃል። ማቀዝቀዣው 5 አምፒር እየወሰደ ከ24 ሰዓቱ አንድ ሦስተኛውን ቢሠራ 40 ይሆናል። የአባትዎ መሣሪያ የእርጥበት ማሞቂያው ከጠፋ በ8 ሰዓት እንቅልፍ 16 ገደማ ይወስዳል እንበል። መብራት፣ የውሃ ፓምፕና ስልክ ተደምረው 10 ቢሆኑ፣ የቀኑ ፍጆታ ወደ 86 አምፒር ሰዓት ይደርሳል፤ ለሦስት ቀን ደግሞ 258 ማለት ነው። የጥቅምት ፀሐይ አጭር ስለሆነች፣ ከሶላሩ በቀን 40 ያህል ቢያገኙ በመካከል ባሉት ሁለት ቀናት 80 ይመለስልዎታል። እንግዲህ ከባትሪው የሚፈለገው በእውነት ጥቅም ላይ የሚውል 180 አምፒር ሰዓት ገደማ ነው።

የአሲድ ባትሪ፣ ኤጂኤምም ቢሆን፣ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል። ስለዚህ 180 ለማግኘት 360 ያህል መያዝ ይኖርብዎታል። ይህም አራት የጎልፍ ጋሪ ባትሪ፣ በክብደትም ከ110 ኪሎ በላይ ነው፤ ይህን ሁሉ በተሳቢው አፍንጫ ላይ መጫን ፒክአፑ የሚሸከመውን ክብደት ያዛባል። ለተሳቢ የሚመረጠው የሊቲየም ዓይነት፣ ሊቲየም አይረን ፎስፌት፣ ግን የያዘውን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ይሰጣል፤ ሁለት ባለ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪዎች 25 ኪሎ ገደማ ቢሆኑ ነው። እኔ የምመክረው እነዚህን ሁለቱን ነው።

የሲፓፑን ነገር ችላ አይበሉ። የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት በሚቀይረው ኢንቨርተር ከመጠቀም ይልቅ ለመሣሪያው የተሠራውን የ12 ቮልት አዳፕተር ይግዙ፤ ኢንቨርተሩ ራሱ በከንቱ የሚበላው ኃይል አለና። የእርጥበት ማሞቂያውና የሚሞቀው ቱቦ ከበሩ ፍጆታው እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ስለሚችል፣ ለማጥፋትም ሆነ ለመቀነስ አስቀድመው የአባትዎን ሐኪም ያማክሩ።

መልስ 2፦ የተራራው ሰው

በስሌቱ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ቅዝቃዜው ሳይነሣ ስለቀረ ልጨምርበት። ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ መሞላት የለበትም። ኃይል መስጠቱን በብርድም ይቀጥላል፤ ብዙዎቹ እስከ 20 ከዜሮ በታች ድረስ ይሠራሉ። በብርድ ሲሞላ ግን ሊቲየሙ በውስጠኛው አካል ላይ እንደ ብረት ይለጠፍና ባትሪው ዳግመኛ በማይመለስ ሁኔታ ይጎዳል። ደህና ባትሪ በውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ሙቀቱን ለክቶ ሙሌቱን ያቋርጣል፤ ርካሾቹ ግን ይህ መከላከያ ላይኖራቸው ስለሚችል ከመግዛትዎ በፊት የባትሪውን መግለጫ በዓይንዎ ያንብቡ። ራሳቸውን የሚያሞቁም አሉ፤ እነዚህ ጠዋት ከሶላሩ የሚመጣውን ኃይል መጀመሪያ ለማሞቂያቸው ያውሉትና ከዜሮ በላይ ሲሆኑ መሙላት ይጀምራሉ። በጥቅምት ደመናማ ጠዋት ግን ያ የመጀመሪያ ሰዓት የሚባክን ሰዓት ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ባትሪውን ከውጭው ሳጥን አውጥቶ ወደ ውስጥ፣ ለምሳሌ ከመቀመጫው ሥር፣ ማስገባት ነው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት በመደበኛ አሠራር ጋዝ ስለማያወጣ ይህ ይቻላል። ውሃ የሚጨመርበትን የአሲድ ባትሪ ግን በፍጹም እንዲህ አያድርጉ፤ ሲሞላ የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ይለቃል።

ሁለተኛው ጉዳይ ቻርጀሩ ነው፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን ባትሪው ላይ አፍስሶ ይህን ይተወዋል። በቀድሞዎቹ ተሳቢዎች ውስጥ ያለው ኮንቨርተር፣ ማለትም ከመሰኪያ በሚመጣ መብራት ባትሪውን የሚሞላው፣ ብዙውን ጊዜ ወደ 13.6 ቮልት የሚሰጥ ሲሆን፣ ሊቲየም በሚገባ ለመሙላት ከ14.2 እስከ 14.6 ይፈልጋል። የሶላር መቆጣጠሪያውም ሊቲየም የሚል ምርጫ ሊኖረው ይገባል። ግድግዳው ላይ ያሉት፣ የባትሪውን መጠን የሚያሳዩት አራት መብራቶችም ከእንግዲህ አይረዱዎትም፤ የሊቲየም ቮልቴጅ እስኪያልቅ ድረስ ብዙም ስለማይወርድ ሊጨርስ ሲል እንኳ ሙሉ ያስመስሉታል። በሻንት፣ ማለትም ወደ ባትሪው የሚገባውንና የሚወጣውን ኃይል በሚለካ ክፍል፣ የሚሠራ ሜትር ያስገቡ። ሊቲየም እንደ አሲድ ባትሪ መብራቱን እያደበዘዘ አያስጠነቅቅም፤ መቆጣጠሪያው በአንድ ጊዜ ይቆርጠዋል። አባትዎ በመሣሪያ ለሚተኙበት ቤት ይህ ሜትር የግድ ነው እላለሁ።

መልስ 3፦ አሮጌው ሾፌር

የጎልፍ ጋሪ ባትሪን እንዲሁ ገሸሽ ማድረግ ተገቢ አይመስለኝም። ለብዙ ዓመታት ተጠቅሜበታለሁ፤ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፣ በብርድም ይሞላል፣ ነባሩን ቻርጀር መለወጥም አያስፈልግም። አብዛኛውን ጊዜ መሰኪያ ባለበት ካምፕ ለሚያድርና አልፎ አልፎ አንድ ሌሊት ብቻ ያለ መብራት ለሚያሳልፍ ሰው ሁለቱ ይበቃሉ። ነገር ግን በየቀኑ ሳይሞላ በግማሽ የሚቆይ የአሲድ ባትሪ ሰልፌት የሚባል ጠጣር ነገር በውስጡ እየተጠራቀመ አቅሙን ስለሚቀንሰው፣ ለጠያቂው የሦስት ሌሊት ዕቅድ እኔም ሊቲየሙን እመርጣለሁ።

ጠያቂ፦ ዘዴንቨር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ራሱን የሚያሞቅ ሁለት ሊቲየም ገዝቼ ከመቀመጫው ሥር ለማስገባት ወስኛለሁ። የቀረችኝ አንዲት ጥያቄ፦ በመንገድ ላይ ከፒክአፑ የተሳቢውን መብራትና ፍሬን በሚያገናኘው በሰባት ፒኑ መሰኪያ በኩል ቢሞላ ችግር አለው?

መልስ 4፦ ባለሙያው ከአውሮራ

በቀጥታ አያገናኙት። ሊቲየም የተሰጠውን ያህል የመሳብ ጠባይ ስላለው አልተርኔተሩን ሊያግል ይችላል፤ ያ ቀጭን ሽቦም ለዚህ የተዘጋጀ አይደለም። በመካከል ከዲሲ ወደ ዲሲ የሚሞላ ቻርጀር ያስገቡ፤ ባለ 20 አምፒሩ በራሱ ወፍራም ሽቦና በሁለቱም ጫፍ ፊውዝ ተገጥሞለት ለእርስዎ ይበቃል። ከባትሪዎቹ ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብም ዋና ፊውዝ ይኑር፤ ሊቲየም ሾርት ቢያደርግ የሚለቀው አምፒር ከፍተኛ ስለሆነ ክላስ ቲ የሚባለውን የፊውዝ ዓይነት ይምረጡ።

ባትሪውን ወደ ውስጥ ሲያዛውሩ አንድ ሽቦ እንዳይረሳ አደራ። ተሳቢው ከመኪናው ቢላቀቅ ፍሬኑን በራሱ የሚያስይዘው የአደጋ ስዊች ኃይል የሚያገኘው ከዚሁ ባትሪ ነው። ሽቦውን ከማጥፊያ ስዊቹ በፊት፣ በራሱ ፊውዝ፣ ከባትሪው ጋር ያገናኙት፤ አለበለዚያ ማጥፊያውን ዘግተው ሲጓዙ የአደጋው ፍሬን አይሠራም። ከካምፑ ሲነሡም ባትሪው ባዶ አለመሆኑን በሜትሩ አይተው ይንቀሳቀሱ።