የስልክ ጀርባ መስታወት የሚሆነው ለምንድን ነው? ከቨርስ ግዴታ ነው?

ጥያቄ (ከሐዋሳ)
ጤና ይስጥልኝ። አዲስ ስልክ የሚገዛ ሰው ከሱቁ ሳይወጣ ከቨርና የስክሪን መከላከያ እንዲጨምር ይመከራል። አምራቾቹ ግን በየዓመቱ የሚያስተዋውቁት የስልኩን ቅጥነትና የጀርባውን ውበት ነው፤ ያም ውበት በተገዛበት ቀን በጎማ ተሸፍኖ ከዓይን ይጠፋል። ስክሪኑ መስታወት መሆኑ ይገባኛል፤ ጀርባውን መስታወት ማድረግ ለምን አስፈለገ? የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1
ሰላም ለእርስዎም ይሁን። ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ምክንያት ያለ ገመድ ባትሪ መሙላት ነው። የብረት ጀርባ የመሙያውን መግነጢሳዊ መስክ ስለሚያግድ፣ አፕል እ.ኤ.አ. በ2017 አይፎን 8ን ሲያወጣ አሉሚኒየሙን ትቶ ወደ መስታወት ተመልሷል። ተመልሷል ማለቴ በ2010 የወጣው አይፎን 4 ከፊትም ከኋላም መስታወት ስለነበረ ነው። ነገር ግን ፕላስቲክም መስኩን ያሳልፋል፤ በ2012 የወጣው ኖኪያ ሉሚያ 920 ገላው ፖሊካርቦኔት የተባለ ፕላስቲክ ሆኖ ያለ ገመድ ይሞላ ነበር። ስለዚህ በእኔ እምነት መስታወት የተመረጠው ውድ መስሎ ስለሚታይ ነው፤ የመሰበሩን ኪሳራ የሚሸከመው ደግሞ ገዢው ነው።

መልስ 2 (የሞባይል ጥገና ባለሙያ)
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ስለ ስብራቱ ግን ልጨምር። የስልክ መስታወት በጋለና በቀለጠ የፖታሲየም ጨው ውስጥ ሲነከር፣ ከገጹ ላይ ትንንሾቹ የሶዲየም አዮኖች ወጥተው ትልልቆቹ የፖታሲየም አዮኖች በቦታቸው ስለሚገቡ ገጹ ተጨምቆ ይጠነክራል። ይህ የተጨመቀ ንጣፍ ግን እጅግ ስስ ነው። በአሸዋና በአቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የተባለ ማዕድን ከመስታወቱ ይልቅ ጠንካራ በመሆኑ፣ ኪስ ውስጥ ሲፋተግ በዓይን የማይታይ ጭረት ይተዋል፤ ስልኩ በሌላ ቀን ከዝቅተኛ ቦታ ቢወድቅ እንኳ ስንጥቁ ከዚያ ጭረት ሊነሣ ይችላል። ደንበኞች «ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ወድቆ ምንም አልሆነም ነበር» ሲሉ የሚገርማቸው ለዚህ ነው። ጥጉ ሲመታ ደግሞ ኃይሉ ሁሉ በአንድ ነጥብ ላይ ስለሚያርፍ ጉዳቱ ይከፋል። እህት ወንድሞቼ፣ ከቨር ስትመርጡ ጥጎቹ ወፍራምና ለስላሳ፣ ጠርዙም ከስክሪኑና ከካሜራው ከፍ ያለ መሆኑን ተመልከቱ፤ በስሱ የተሠራ ጠንካራ ፕላስቲክ ከጭረት እንጂ ከመውደቅ ብዙም አያድንም። በየጊዜውም አውልቃችሁ አቧራውን ጥረጉ፤ ውስጥ የገባ አሸዋ ጀርባውን ይፍቀዋልና።

መልስ 3
ጠያቂው ያነሡት ቅሬታ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሆኗል። ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ በኅብረቱ ገበያ የሚቀርቡ አዳዲስ ስማርት ስልኮች፣ መውደቅን የመቋቋም ደረጃቸውን ከኤ (A) እስከ ኢ (E) የሚያሳይ መለያ እንዲኖራቸው ተደንግጓል፤ ፈተናውም ያለ ከቨር ይካሄዳል። አምራቾች ዋና ዋና መለዋወጫዎችን ሞዴሉ ከገበያ ከወጣ በኋላ ለ7 ዓመት እንዲያቀርቡም ይገደዳሉ። መረጃው በኢንተርኔት ለማንም ክፍት በመሆኑ፣ እዚህ የሚሸጠው ሞዴል እዚያም የሚሸጥ ከሆነ ከመግዛትዎ በፊት ደረጃውን ማየት ይችላሉ።