አስቸኳይ፦ አዲስ የገጠምኩት የመልሕቅ ዊንድላስ ሲያነሳ ብሬከሩ ይወርዳል

ሸራ_አሽኬሎን፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ቶሎ የሚመልስልኝ ሰው ፈልጌ ነው። 36 ጫማ የሸራ ጀልባ አለን፣ አሽኬሎን ማሪና። አርብ ጠዋት ወደ ሊማሶል (ቆጵሮስ) እንወጣለን፣ ስለዚህ ዕቃ መግዣ የቀረኝ ነገ ሐሙስ ብቻ ነው። አዲስ 1000 ዋት፣ 12 ቮልት ዊንድላስ (መልሕቁን የሚያነሳና የሚያወርድ ማሽን) ገጥሜ ከማሪናው ውጪ 8 ሜትር ጥልቀት ላይ ሞከርኩት። ሲያወርድ ምንም አይል። ሲያነሳ መጀመሪያ ይጎትታል፣ ከዚያ እየደከመ ይሄድና ኮንታክተሩ (ቁልፉን ስጫን ለሞተሩ ኃይል የሚያገናኘው ማብሪያ) ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ በመጨረሻም ብሬከሩ (ጅረት ሲበዛ የሚቆርጠው) ይወርዳል። አንዳንዴ ደግሞ ሰንሰለቱ ጂፕሲው (ሰንሰለቱን የሚይዘው ባለ ጥርስ መንኮራኩር) ላይ "ቋ!" ብሎ ይዘላል። ባትሪዎቹ አዲስ ናቸው። ሞተሩ ከፋብሪካ የተበላሸ ይመስለኛል። ልመልሰው?

ጨው_ውሃ፦
ባትሪ ነው። ቀይረው።

ሸራ_አሽኬሎን፦
አዲስ ናቸው አልኩ እኮ።

ጋሽ_ቮልት፦
ወንድሜ፣ ዋናዎቹን ነገሮች ዘለልካቸው። ኬብሉ ስንት ነው? ከባትሪው እስከ ፊት ስንት ሜትር ይሄዳል? ብሬከሩ ስንት አምፔር ነው? ሰንሰለቱስ ምን ዓይነት? ስትሞክር ናፍጣው ሞተር በርቶ ነበር ወይስ ጠፍቶ?

ሸራ_አሽኬሎን፦
ኬብሉ 16 ሚሊ ሜትር ካሬ። ባትሪዎቹ ኋላ መሰላሉ ስር ናቸው፣ በሚዞርበት ሁሉ ተለክቶ እስከ ፊት 12 ሜትር። ብሬከር 70። ሰንሰለቱ ከአሜሪካ በመጣ ጀልባ ላይ የነበረ ነው፣ አምስት አስራ ስድስተኛ ኢንች፣ 60 ሜትር። ናፍጣው ጠፍቶ ነበር፣ ነፋስም ነበረ።

ጨው_ውሃ፦
ያው 70 ትንሽ ነው። 120 አስገባበት፣ አለቀ።

ጋሽ_ቮልት፦
ይህን ምክር ማንም እንዳይከተል። ብሬከሩ የተቀመጠው ኬብሉን ለመጠበቅ እንጂ ዊንድላሱን ለማስደሰት አይደለም። 16 ኬብል ላይ 120 ስታስገባ ቀድሞ የሚሞቀው ከአልጋው ስር የተቀበረው ሽቦ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንየው። 1000 ዋት በ12 ሲካፈል 83 አምፔር ነው፣ ጭነት ሲበዛ 90 ያልፋል። ርዝመቱን ሂያጅና ተመላሽ ቁጠር፣ 24 ሜትር። የመዳብ ሬዚስታንስ ቁጥር 0.0175 በ24 ተባዝቶ ለ16 ሲካፈል 0.026 ኦም ይመጣል። በ90 አባዛው፣ 2.4 ቮልት መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። በባለ 25 ኬብል 1.5፣ በባለ 35 1.1፣ በባለ 50 ወደ 0.75 ይወርዳል። ከ10 በመቶ፣ ማለትም ከ1.2 ቮልት በላይ መጥፋት የለበትም። ስለዚህ ትንሹ 35 ነው። እኔ ብሆን 50 ነው የምዘረጋው፣ ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ።

ሲያወርድ ደህና የሆነው ክብደቱ ራሱ ስለሚያግዘው ነው። ሲያነሳ አምፔሩን የሚወስነው ጭነቱ ነው። ቮልቴጁ ሲወርድ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ አምፔሩ ግን አይቀንስም፤ እንዲያውም ሞተሩ ሊቆም ሲል ይብሳል። ብሬከሩ ያንን ረዘም ላለ ጊዜ ሲሸከም ይወርዳል። ጠቅ ጠቅታውም ከዚሁ የመጣ ነው። የኮንታክተሩ መጠምጠሚያ ከዚያው ከደከመው ኬብል ጫፍ ይመገባል፣ ቮልቴጁ ሲወድቅ ይለቃል፣ ሲለቅ ቮልቴጁ ይመለሳል፣ መልሶ ይይዛል። ይህ ሲደጋገም የውስጥ ነጥቦቹን ያቃጥላል፣ ስለዚህ ቁልፉን ተጭነህ አትቆይ።

መሰላል_ስር፦
ምን አስለፋው? ፊት ላይ ትርፍ ባትሪ ማስቀመጥ ነው። ኬብሉ ሁለት ሜትር ይሆናል።

ጋሽ_ቮልት፦
ባትሪውን ማን ይሞላዋል? ያም ኬብል፣ ፊውዝና ቻርጀር ይፈልጋል። በዚያ ላይ ከ25 ኪሎ በላይ ክብደት ጀልባዋ አፍንጫ ላይ። ይቻላል፣ ግን ለአርብ አይደርስም።

ዝምተኛ_ሸራ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና ለ36 ጫማ ኤሌክትሪክ ምን ያደርጋል? 8 ሚሊ ሰንሰለት ሜትሩ 1.4 ኪሎ ነው። 10 ሜትር ጥልቀት ላይ የሚንጠለጠለው 14 ኪሎ፣ መልሕቁ 15 ኪሎ ቢሆን፣ ሁሉም ተደምሮ 30 አይሞላም። በእጅ የሚሰራ ዊንድላስ ይበቃዋል፣ ኬብልም ብሬከርም የለው።

ጨው_ውሃ፦
ወገብህን በፖስታ ላክልንና እኛም በእጅ እናንሳ።

ካፒቴን_በጡረታ፦
ልጆች፣ መጀመሪያ መልሕቅ ምን እንደሆነ እንስማማ። ጀልባን የሚይዘው ከሥር የተኛው ሰንሰለትና የመልሕቁ ምላስ ነው። 8 ሜትር ጥልቀት ላይ የአፍንጫውን ከፍታ 1.2 ሜትር ጨምርና በአምስት አባዛው፣ 46 ሜትር ታወርዳለህ። ነፋስ ሲበረታ በሰባት አባዛ። ከዚያ ናፍጣውን ወደ ኋላ አስገብተህ ቀስ እያልክ መልሕቁን ትተክላለህ። ሰንሰለቱ ላይ መንጠቆ ያለው 12 ሚሊ ናይለን ገመድ፣ 6 ወይም 8 ሜትር፣ ታያይዝና ጭነቱን ወደ ደኩ (ከላይ ያለው የጀልባዋ ወለል) ምሰሶ ታዛውራለህ። ዊንድላሱ ሌሊቱን ሙሉ ጀልባ የመሸከም ሥራ የለበትም፣ ማርሾቹን ይበላቸዋል። ሲነሳም እንዲሁ ነው። ዊንድላስ ጀልባ አይጎትትም! ናፍጣውን አስነሳ፣ ወደ መልሕቁ ቀስ ብለህ ንዳ፣ ሰንሰለቱ ሲላላ ላላውን ብቻ ይሰብስብ። አንተ ናፍጣውን አጥፍተህ፣ ነፋስ እየገፋህ፣ ስንት ቶን ጀልባ በ1000 ዋት ስትጎትት ነበር።

ጋሽ_ቮልት፦
ካፒቴን ትክክል ናቸው። ናፍጣው ሲሠራ ዲናሞው ባትሪውን 14 ቮልት አካባቢ ያደርሰዋል፣ ያ ብቻውን ብዙ ይለውጣል።

ሰንሰለት_ቆጣሪ፦
ስለ ዝላዩ ማንም አልመለሰም። የአሜሪካ አምስት አስራ ስድስተኛ ኢንችና የአውሮፓ 8 ሚሊ ውፍረታቸው ይመሳሰላል፣ የቀለበቱ ርዝመት ግን ይለያያል። ከአንድ ቀለበት ጫፍ ጀምረህ ሰንሰለቱን ወጥረህ ከ10 ቀለበት በኋላ እስካለው ተመሳሳይ ጫፍ ለካ። 240 ሚሊ ሜትር ከመጣ 8 ሚሊ ነው። 262 አካባቢ ከመጣ የአሜሪካው ጂ4 የሚሉት የሰንሰለት ደረጃ ነው። ቢቢቢ የሚሉት የአሜሪካ ሰንሰለት ደግሞ ቀለበቱ ከጂ4 ያጥራል። በጂፕሲው ጠርዝ ላይ የትኛውን እንደሚይዝ ተቀርጿል፣ አንብበው። በየቀለበቱ 2 ሚሊ ከተለያየ ጥቂት ቀለበት እንደተጠመጠመ ከጥርሱ ይወጣል፣ ቋ የሚለው ያ ነው። መፍትሔው ጂፕሲውን ወይም ሰንሰለቱን መለወጥ ነው፣ በፋይል መሞረድ የሚሏችሁን አትስሙ። ደግሞ ከደኩ ስር እስከ ሰንሰለቱ ክምር አናት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይኑር። ሰንሰለቱ እንደ ጤፍ ክምር ሾጥጦ ቀዳዳው ስር ከደረሰ ይጨናነቃል።

ጨው_ውሃ፦
እኔ አሁንም ባትሪ ነው እላለሁ።

ሸራ_አሽኬሎን፦
ለካሁት። 10 ቀለበት 262። ጂፕሲው ላይ 8 ይላል። 😩
ቮልቴጁን ናፍጣው ጠፍቶ፣ ሰው ቁልፉን ይዞልኝ ለካሁ፦ ባትሪው ላይ 12.1፣ ዊንድላሱ ሞተር ላይ 9.2። ብሬከሩ ከመውረዱ በፊት ነው ያነበብኩት።

ጋሽ_ቮልት፦
ጎበዝ። 2.9 ጠፋ፣ ኬብሉ ብቻውን ከ2.4 በላይ መብላት አልነበረበትም። አሁን ሁለቱን ጎን ለየብቻ ለካ። ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሞተሩ ኔጌቲቭ፣ ከዚያ ከፖዘቲቭ እስከ ፖዘቲቭ። የቴስተሩን ገመድ በማንኛውም ቀጭን ሽቦ አስረዝመው፣ ቴስተሩ ጅረት ስለማይስብ አይሳሳትም።

ሸራ_አሽኬሎን፦
ኔጌቲቩ 1.2፣ ፖዘቲቩ 1.7።

ጋሽ_ቮልት፦
እንግዲህ 0.5 ቮልት ፖዘቲቩ ላይ ባለ ብሎን ወይም ንክኪ ላይ ነው፤ ብሬከሩ ሁለት፣ ኮንታክተሩም የራሱ ብሎኖች አሉት። በ90 አምፔር 45 ዋት ነው፣ በአንዲት ብሎን ላይ። ቴስተሩን በእያንዳንዱ ብሎን ግራና ቀኝ አድርግ፣ ከ0.05 በላይ ያለበትን ክፈት። የተርሚናሉ ፕላስቲክ ቡናማ የሆነበት ካለ ከዚያ ጀምር። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሮንዴላ ነው። የማይዝገው ብረት ሮንዴላ በተርሚናሉና በብሎኑ መቀመጫ መካከል ከገባ ጅረቱ በእሱ በኩል ያልፋል፣ እሱ ደግሞ ከመዳብ ጋር ሲወዳደር ክፉ አስተላላፊ ነው። ቅደም ተከተሉ ተርሚናሉ ከመቀመጫው ጋር ፊት ለፊት፣ ከላዩ ሮንዴላ፣ ከዚያ ስፕሪንግ ሮንዴላ፣ ከዚያ ዳዶ።

ነገ ሱቅ ስትሄድ፦ ባለ 50 ኬብል ቀይና ጥቁር እያንዳንዱ 12 ሜትር፣ ለ50 የሆነ ተርሚናል፣ ሙጫ ያለው የሚጨማደድ ቱቦ። ተርሚናሉን በሃይድሮሊክ መጭመቂያ አስጨምቀው፣ በመዶሻ አይሆንም፣ በቆርቆሮም አትበይደው። ብሬከሩን መመሪያው የሚለውን ግዛ፣ ለ1000 ዋት ብዙ ጊዜ ከ80 እስከ 110 ነው፣ ከባትሪው አጠገብ ግጠመው። ኮንታክተሩ ሰንሰለት ማስቀመጫው ውስጥ ካለ አውጣው፣ ጨው ይበላዋል።

እንጨት_ሠሪ፦
ዊንድላሱን ለመግጠም ደኩን ስትበሳ ከውስጡ የባልሳ እንጨት (ቀላል፣ ስስ እንጨት) ወጣ? ያለ ኤፖክሲ ከተውከው ውሃ ገብቶ ይበሰብሳል። ለ8 ሚሊ ብሎን በ16 ብሳ፣ በወፈረ ኤፖክሲ ሙላ፣ ሲደርቅ መልሰህ በ8.5 ብሳ። ከስር 15 ሚሊ የመርከብ ኮምፖርሳቶ ይሁን፣ ሮንዴላ ብቻ አይበቃም።

ሰንሰለት_ቆጣሪ፦
ለአርብ ትክክለኛው ጂፕሲ ካልተገኘ 30 ሜትር ባለ 8 ሚሊ ሰንሰለት ገዝተህ ከ14 ሚሊ ገመድ ጋር አያይዝ፣ ጂፕሲው ገመድም የሚይዝ ከሆነ። የሰንሰለቱን መጨረሻ በገመድ እሰረው፣ ገመዱ ደክ ድረስ የሚወጣ ይሁን፤ ክፉ ቀን ሲመጣ በቢላ የሚቆረጥ መሆን አለበት። የእጅ መዘውሩ መኖሩንና ክላቹ (ጂፕሲውን ከሞተሩ የሚያላቅቀው) በእጅ መፈታቱን ሳትሞክር አትውጣ።

ዝምተኛ_ሸራ፦
ይኸው በእጅ ላይ መጣችሁ።

አዲስ_አባል፦
ከዚሁ ጋር የተያያዘ ጥያቄ፤ የእኔ ሞተር ሦስት ተርሚናል አለው፣ የገዛሁት ኮንታክተር ግን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ የሚያገላብጥ ነው። ይሠራል?

ጋሽ_ቮልት፦
አይሠራም። የሚያገላብጠው ለባለ ሁለት ተርሚናል ሞተር ነው። ያንተ አንዱ የጋራ ኔጌቲቭ፣ አንዱ ለማንሳት፣ አንዱ ለማውረድ ነው፤ ፖዘቲቩን ብቻ ወደዚህና ወደዚያ የሚያዛውር ኮንታክተር ነው የሚያስፈልግህ። ሳትመልሰው ሳጥኑ ላይ ያለውን ሥዕል ፎቶ አንስተህ ላክ።