ሚኒሞው አልወርድ፣ 4ኛ ማርሽ አልገባ አለኝ

የሆጤ ልጅ፦
ሰላም ወንድሞች። ደሴ ነው የምኖረው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። የ1998 ኮሮላ አለኝ፣ አውቶማቲክ፣ ባለ 4 ማርሽ። ከአንድ ወር ወዲህ ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳልረግጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት፣ አልወርድ ብሎኛል። ጠዋት ሲነሳ በደቂቃ 1,600 ዙር ይላል፤ ብርዱ ነው ብዬ ትቼው ነበር፣ ግን ሃያ ደቂቃ ሄጄም 1,300 ላይ ነው። ድሮ 750 አካባቢ ይረጋ ነበር። ዲ ላይ ሳስገባው ይመታል። የሀረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ደግሞ 4ኛ አይገባም፣ ሞተሩ እየጮኸ በ3ኛ ብቻ ይሄዳል። የሚገርመኝ ማታ ዳገቱን ወጥቼ ደሴ ስደርስ ሁሉም ደህና ይሆናል። አንድ ጋራዥ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ወርዶ ይፈታ አሉኝ። የጠየቁኝ ብር ከአቅሜ በላይ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የቦርከና ሹፌር፦
አብሽር፣ ካምቢዮ ለማስፈታት አትቸኩል። መጀመሪያ የካምቢዮውን ዘይት እይ። ሞተሩ ሞቆ፣ ሳታጠፋው፣ ሜዳ ላይ ቆመህ ማርሹን ሁሉም ቦታ አስነክተህ ፒ ላይ መልሰው፣ ከዚያ መለኪያዋን ሳብ። ቀይ ከሆነና ቃጠሎ ካልሸተተ ጥሩ ነው። ሚኒሞው ከትሮትል (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚመጥነው በር) ቆሻሻ ወይም ከተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ሊሆን ይችላል። መምታቱም ከዚያው ነው፤ በ1,300 ዲ ላይ ካስገባኸው ደህናው ካምቢዮም ይመታል።

የጦሳ መካኒክ፦
የሙቀት ጌጁ የት ላይ ይቆማል? ከወር በፊት ራዲያተር አካባቢ የተነካ ነገር አለ?

የሆጤ ልጅ፦
ዘይቱ ቀይ ነው፣ አይሸትም። ጌጁን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር፣ አሁን ሳየው ከሩብ በታች ነው። ከወር በፊት ሀረጎ ላይ ውሃው ገንፍሎብኝ ነበር። መንገድ ላይ የረዳኝ መካኒክ የሆነ ነገር አውጥቶ ከእንግዲህ አይሞቅም ብሎኛል።

የጦሳ መካኒክ፦
ያወጣው ቴርሞስታቱን ነው። እሱ ሞተሩ 82 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ውሃውን ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ይዘጋዋል። ከሌለ ውሃው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ይዞራል፣ በተለይ ደሴ ብርድ ላይ ሞተሩ በቶሎ አይሞቅም። ኮምፒውተሩ ደግሞ የሚያምነው የውሃውን ሴንሰር ነው፤ ገና አልሞቀም ሲባል ሚኒሞውን ከፍ ያደርጋል፣ 4ኛንም ይከለክላል። ሀረጎን ስትወርድ እግርህ ከነዳጁ ላይ ስለሚነሳ ጭራሽ ይቀዘቅዛል። ማታ ዳገቱ ያሞቀዋል፣ ለዚህ ነው ደሴ ስትደርስ የሚስተካከለው። ካምቢዮህ ጤነኛ ነው ወንድሜ፣ አታስነካው።

የቦርከና ሹፌር፦
ግን እኮ እዚህ ብዙ ሰው አስወጥቶ ነው የሚነዳው። መልሶ ቢያስገባው ሀረጎ ላይ አይገነፍልበትም?

የጦሳ መካኒክ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ለምን ገነፈለ የሚለውን ማንም አላየለትም። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፣ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በራዲያተር ውስጥ እንዳይፈላ የሚይዘው የክዳኑ ግፊት ነው። ጎማው የደረቀ ክዳን ግፊት አይዝም፣ ዳገት ላይ ይገነፍላል። ክዳኑን ቀይር፣ ሞተሩ ሲሞቅ ግን እንዳትከፍተው። አዲሱን ቴርሞስታት ከመግጠምህ በፊት የሞቀ ውሃ ውስጥ ክተተውና ሲከፈት በዓይንህ እየው። ጠርዙ ላይ የምትንቀሳቀስ ትንሽ ቫልቭ አለች፣ ወደ ላይ ትሁን፣ አየር የሚወጣው በእሷ ነው። ውሃ ስትሞላ መኪናውን ፊቱን ወደ ዳገት አቁመው፤ አየር ታስሮ ከቀረ ሚኒሞው ከፍ ዝቅ ይላል።

የሆጤ ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ተፈትቶ ሲታይ የቴርሞስታቱ ቦታ ባዶ ነበር። ትናንት አስገጠምኩ። ዛሬ ጠዋት ከደሴ ሳልወጣ ጌጁ ግማሽ ደረሰ፣ ሚኒሞውም 800 ላይ ተቀመጠ። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ 4ኛ ገባ። ክዳኑን ግን እስካሁን አላገኘሁም፣ ኦሪጅናል የሚሸጥ የምታውቁ ጠቁሙኝ። እስከዚያው ማታ ማታ ዳገቱን በቀስታ፣ ጌጁን እያየሁ ነው የምወጣው።