ለለምጽ የሚቀባ ዕፅ እንዴት ቢፈተን ይታመናል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ጎንደር ውስጥ የፋርማሲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። አክስቴ በሁለቱም እጆቿ ላይ ለምጽ ከወጣባት ቆይቷል፤ አንድ የባህል ሕክምና አዋቂ አባት ጤና አዳም ወቅጣ ጭማቂውን እየተቀባች ፀሐይ እንድትሞቅ ነግረዋታል። እኔም ቅጠሉን በኤታኖል ዘፍዝፌ የማወጣውን ኤክስትራክት ቢ16 በሚባሉት የአይጥ ሜላኖማ (የቆዳ ካንሰር) ሕዋሳት ላይ ፈትኜ የመመረቂያ ጽሑፌን ልሠራበት አስቤያለሁ። ሜላኒን (ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ንጥረ ነገር) ከጨመረ ለለምጽ ይሠራል ለማለት ይበቃኛል?

መልስ 1፦
እህቴ፣ የቆዳ ሐኪም ነኝና ከአክስትሽ ልጀምር፤ እባክሽ ዛሬውኑ አስቁሚያት። ጤና አዳም ፉራኖኩማሪን የሚባሉ፣ ብርሃን ሲያገኛቸው ቆዳን የሚያቃጥሉ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ባለችው ጎንደር ደግሞ ፀሐዩ ብርቱ ነው። ለምጽ ያለበት ቆዳ መከላከያ ቀለም ስለሌለው ቶሎ ውኃ ይቋጥራል፤ በቆሰለበት ቦታም ለምጹ ሊሰፋ ይችላል። አዋቂው ያለ ምክንያት ተናገሩ ግን አልልም። በግብፅ ለዚሁ ሕመም ሲሰጥ ከኖረው አሚ ማጁስ ከተባለ ተክል የካይሮ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሜቶክሲሶራለን የተባለውን ፉራኖኩማሪን ለይተው አውጥተዋል፤ ኋላም ከአልትራቫዮሌት ኤ ብርሃን ጋር ተጣምሮ ፑቫ የተባለው ሕክምና ሆኗል። እዚያ ግን የመድኃኒቱም የብርሃኑም መጠን በሐኪም ይለካል።

መልስ 2፦
አይበቃም። ቢ16 ያለማቋረጥ የሚባዛ የካንሰር ሕዋስ ነው፤ በለምጽ ቦታ ላይ ግን ቀለም አምራቹ ሜላኖሳይት በሰውነቱ በራሱ መከላከያ ተጠቅቶ ጠፍቷል። ያለውን ሕዋስ አብዝቶ ቀለም እንዲያመርት መቀስቀስና ባዶውን ቦታ እንደገና በሕዋስ መሙላት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ቀለም ሲመለስ ብዙ ጊዜ ከፀጉር ሥር በነጠብጣብ የሚጀምረው ተጠባባቂ ሕዋሳት እዚያ ስላሉ ነው፤ ስለዚህ ጤነኛ ሜላኖሳይት መባዛቱንና ከቦታ ቦታ መጓዙን መለካት ይኖርብሻል። የቁንዶ በርበሬው ፒፐሪን የተመራማሪዎችን ትኩረት የሳበው ሜላኖሳይትን ስለሚያባዛ ነው፤ እርሱም ቢሆን አልትራቫዮሌት ብርሃን ስለሚለውጠው ቅባቱና ብርሃኑ በተለያየ ሰዓት መሰጠት አለባቸው። ሌላው፣ አክስትሽ የምትቀባው የትኩስ ቅጠል ጭማቂ ነው፤ ኤታኖል የሚያወጣው ሌላ ድብልቅ ስለሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን ፈትኚ።

መልስ 3፦
በሰው ላይ ለመሞከር ከተደረሰ (ያለ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ እንደማይታሰብ ሆኖ) ለምጽ የሚመስል ነጣ ያለ ምልክት የሚያወጡት ቋቁቻና ሥጋ ደዌ ያለባቸው አስቀድመው ይለዩ። ቋቁቻ በፈንገስ መድኃኒት የሚድን ስለሆነ፣ ከለምጽ ጋር ከተቀላቀለ ዕፁ ያላዳነውን አዳነ ያሰኛል። ለምጽም አልፎ አልፎ ያለ መድኃኒት ቀለሙ ስለሚመለስ፣ አንዱ እጅ ዕፁን ሌላው ባዶ ቅባት ተቀብቶ፣ የቱ የቱ እንደሆነ የማያውቅ ሐኪም ፎቶግራፎቹን ቢያነጻጽር ይሻላል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አክስቴ መቀባቱን ትታ የሐኪም ቀጠሮ ይዛለች። እኔም አስቀድሜ በጭማቂውና በኤክስትራክቱ ውስጥ ያለውን የፉራኖኩማሪን መጠን ለክቼ፣ የሕዋሱን ፈተና ከዚያ በኋላ እጀምራለሁ።